ፎርማጆው ሲያልቅ ጣት ይጀምራል፦ ስለ መፈቅፈቂያ ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም የላዛኛ አሰራር ካወጣን በኋላ ጥያቄው ስለ ሶሱ ወይ ስለ ስጋው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ግማሹ ስለ ጣት ሆኖ አረፈው። ፎርማጆ ስትፈቀፍቁ የተላጣችሁ፣ የደማችሁ፣ ፈርታችሁ ነገሩን የተዋችሁ ብዙ ናችሁ ማለት ነው። ስለዚ የዛሬው አምድ ሙሉ ለሱ ሆነ። ስማችሁን አላወጣንም፣ ረጃጅሞቹንም ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለበዓል ላዛኛ በሰራሁ ቁጥር የአውራ ጣቴ አንጓ ይላጣል። ቀስ ብዬ ነው ምሰራው ግን አልቀረልኝም። ጓንት ልግዛ ወይስ ሌላ ዘዴ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀስ ማለት ብቻውን አያድንም። ጣት የሚላጠው እኮ ቁራሹ ትልቅ ሆኖ እያለ አይደለም፣ ያኔ እጅሽ ከብረቱ ሩቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቁራሹ የክብሪት ቀፎ አክሎ ይቀርና በጣት ጫፍ ቆንጥጠሽ ትይዢዋለሽ፣ ትንሽ ናት ልጨርሳት ብለሽ ደሞ ትፈጥኛለሽ፣ ቁራሹ እጅሽ ላይ ዞር ሲል አንጓሽ በቀጥታ ጥርሱ ላይ። የአውራ ጣቴ አንጓ ነው ማለትሽም ይሄንኑ ነው ሚነግረኝ፣ አውራ ጣት ቁራሹን ከጎን ስለሚይዝ ቁራሹ ባጠረ ቁጥር ቀድሞ ብረቱን ሚነካው እሱ ነው።

ስለዚ ጓንቱም ዘዴውም ከዚ በኋላ ይመጣል፣ ዋናው ነገር ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀር ማቆም ነው። የቀረውን በቢላ ደቀቅ አድርገሽ ከተፈቀፈቀው ጋር ደባልቂው፣ ላዛኛው ኦቨን ገብቶ ሲወጣ የቱ የተከተፈ የቱ የተፈቀፈቀ እንደነበር ማንም አይለየውም። ፎርማጆ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ እንዴት ይተዋል የምትሉ አላችሁ፣ ማንም ጣሉት አላለም፣ እስከ ጫፉ ብረቱ ላይ አትጨርሱት ነው። ከፓርሜዛን የሚቀረው ደረቅ ቅርፊት እንኳን ይጠቅማል፣ ቅርፊቱ ራሱ የደረቀ ፎርማጆ ስለሆነ ሾርባ ወይም የቲማቲም ሶስ ውስጥ ጣል አድርጎ አብስሎ ማውጣት ነው። ጎዳ (Gouda) በሚባለው ፎርማጆ ላይ ያለው ቀይ ወይ ቢጫ ልባስ ግን ሰም ነው፣ እሱ ድስት ውስጥ አይገባም።

ሌላው መፈቅፈቂያው የቆመበት ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ባለ አራት ጎኑ ነው፣ እሱን ሲንኩ ጠርዝ ላይ ወይም ሰሀን ውስጥ አቁመን ነው ምንፈቀፍቀው፣ ሰሀን ውስጥ ሲቆም ደሞ ይወላገዳል። ፎጣ አርጥበሽ በደንብ ጨምቂና መክተፊያው ስር አንጥፊው፣ መፈቅፈቂያውን መክተፊያው ላይ አድርጊ፣ ግራ እጅሽ እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ ይያዝ። እኔ ምመርጠው ግን በጎኑ አጋድሞ መጠቀም ነው። ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ጎን ወደ ላይ ይሆንና እጅሽ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የተፈቀፈቀውም እዛው ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መገልበጥ ሚባል ነገር የለም። አንዴ የሞከረው ሰው ወደ ማቆሙ ሲመለስ አላየሁም።

አያያዙም ለውጥ ይፈልጋል፣ ቁራሹን በጣት ጫፍ ከመቆንጠጥ በመዳፍሽ ከኋላው ግፊው፣ ጣቶችሽ ቀና ይበሉ። ጉልበት አያስፈልገውም፣ ጉልበት ካስፈለገው ወይ ብረቱ ደንዟል ወይ ፎርማጆው ሞቋል። የደነዘ መፈቅፈቂያ ከሰላው ይብሳል እኮ፣ ስለማይቆርጥ ትጫኚዋለሽ፣ ስትጫኚው ያዳልጥሻል። ሞዛሬላና ለስለስ ያለ ፕሮቮሎን ደሞ ውጪ ከቆዩ ቀዳዳው ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪዘር አስገቢያቸውና ጠንከር ሲሉ አውጪያቸው፣ ድንጋይ እስኪሆኑ ግን አይደለም፣ በረዶ የሆነ ቁራሽ ብረቱ ላይ ይንሸራተታል። ብረቱን በጠብታ ዘይት ቀባ ማድረግም መለጠፉን ይቀንሰዋል፣ እጀታው እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ። ፓርሜዛን ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ከፍሪጅ እንደወጣ ይፈቀፈቃል።

ጓንቱን ሁለት ጥያቄ ወረድ ብለሽ ታገኚዋለሽ፣ ለላዛኛ ብቻ ከሆነ ግን ባትገዢም ይሆናል።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ ፎርማጆ ስለተወደደ ፒዛ ላይ የኛን አይብ መፈቅፈቅ ይቻላል?

መልስ፦ አይብ ምን መፈቅፈቂያ ያስፈልገዋል፣ በእጅ ፈርፈር ይላል፣ ጣትም አይላጥም። ግን አይቀልጥም። አይብ የሚረጋው በአሬራው ኮምጣጣነትና በእሳት ነው፣ እንደዛ የረጋ አይብ ኦቨን ሲገባ ይደርቃል እንጂ እንደ ሞዛሬላ አይሳብም። ፒዛ ላይ ካማረሽ ከስር አይቡን በትኚና ከላይ ጥቂት ፎርማጆ አልብሺው፣ ፎርማጆሽም ይቆጠባል፣ ምትፈቀፍቂውም ትንሽ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ፒዛ ቤት ነው ምሰራው። በቀን አምስት ኪሎ ምናምን ሞዛሬላ በእጄ እፈቀፍቃለሁ፣ ጣቶቼ ሁሌ ፕላስተር ናቸው። ባለቤቱ ተጠንቀቅ ነው ሚለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቀን አምስት ኪሎ በእጅ በተጠንቀቅ የሚፈታ ስራ አይደለም። መጀመሪያ ላንተ፣ ቀጥሎ ለባለቤቱ።

አንተ ቁራሹን አሳጥረህ አትቁረጠው። ብዙ ሰው ሚሰራው ስህተት ይሄ ነው፣ ትልቁን ጡብ ለመያዝ እንዲመች ብሎ ትናንሽ ኩብ ያደርገዋል፣ ከዛ እያንዳንዱ ኩብ የራሱ መጨረሻ አለው፣ አንድ ጊዜ ሚመጣውን አደጋ ሃያ ጊዜ አደረግከው ማለት ነው። በርዝመቱ ሰንጥቀውና ረጃጅም ዘንግ አድርገህ ጫፉን ያዝ፣ ጉርድ ጉርዱን አጠራቅመህ መጨረሻ ላይ በቢላ ክተፈው። ከመፈቅፈቂያው ጋር አንዳንዴ የምትመጣ የፕላስቲክ መያዣም አለች፣ ታች ሹል ሹል ያላት፣ ሁሉም ሰው ገዝቶ ቤት ሲገባ ቀድሞ ሚጥላት እሷን ነው፣ ካለችህ ለመጨረሻዋ ቁራሽ ተጠቀምባት።

ጓንት ላንተ ግድ ነው። ሐኪም ቤት ያለው ስስ ጓንት ብቻውን ግን አያድንህም፣ እንደውም ተቀዶ ፒዛው ውስጥ ይገባል። መቆረጥን የሚቋቋም ተብሎ የተሰራ አለ፣ እንደ ሹራብ የተሰራ፣ ጀርባው ወይም ማሸጊያው ላይ የአውሮፓው ደረጃ ኢ ኤን 388 ተብሎ ይጻፍበታል፣ አዲሱ ከሆነ አጠገቡ ከኤ እስከ ኤፍ የሆነ ፊደል አለ፣ ኤፍ ከሁሉ ይበልጣል። የአሜሪካኑ ከኤ1 እስከ ኤ9 ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል። ለምግብ የሚሆን መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግዛ፣ የግንበኛ ጓንት ይዘህ ወደ ኪችን እንዳትገባ። ልክህ ይሁን፣ ጣቱ ላይ የተረፈ ጨርቅ ጥርሱ ውስጥ ይያዛል። ከላዩ ስስ የላስቲክ ጓንት፣ እንዳይቀደድ እያየህ፣ ብትደርብበት ፎርማጆው ሹራቡ ውስጥ አይገባም፣ ለማጠብም ይቀላል። ደሞ ጓንቱ መላጥን ይቀንስልሃል እንጂ ሹል ነገር ሲወጋ አያስቆምም፣ ስለለበስኩ ብለህ እንዳትፈነጭ።

አሁን ያለውን ቁስል ሳትሸፍን ፎርማጆ አትንካ። ትልልቅ ኪችኖች ውስጥ ፕላስተሩ ሰማያዊ የሆነው ለምን ይመስልሃል፣ ሰማያዊ ምግብ ብዙ ስለሌለ ነው፣ ተላቆ ቢወድቅ ወዲያው ይታያል። የቆዳ ቀለም ያለው ፕላስተር ሞዛሬላ ውስጥ ቢገባ እኮ ደንበኛው ነው ሚያገኘው።

ለባለቤቱ ደሞ አንድ ነገር ልበል፦ ማሽን ተወደደ ካልክ የእጅ መዘውር ያለውም አለ፣ ፎርማጆው ከላይ ይገባና በከበሮ ይፈቀፈቃል፣ እጅ ከጥርሱ ጋር አይገናኝም። ሰራተኛህ በሳምንት ሁለት ቀን እጁን ታስሮ ሲቀመጥ ከሚያስወጣህ ይረክሳል።

ጥያቄ (ከቤሩት)፦ ሰው ቤት ነው ምሰራው። ለመናኢሽ፣ እዚ ሚበላው ጠፍጣፋ ዳቦ ነው፣ ቃሽቃዋን ሚባለውን ፎርማጆ ስፈቀፍቅ የጠቋሚ ጣቴ ጫፍ ተቆረጠ፣ ደሙ ብዙ ነበር። ጓደኛዬ ቡና አድርጊበት ብላኝ አደረግኩ። ቆመ፣ ግን አሁን ያመኛል። ደሞ ለማዳም አልነገርኳትም። ፎርማጆውንም ስላሳዘነኝ አልጣልኩትም።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይማርሽ። ከቡናው ልጀምር። እኛ ሀገር ቁስል ላይ ቡና ማድረግ እናቶቻችን ሁሉ ያደረጉት ነው፣ ደሙም የሚቆም ይመስላል፣ ግን የቆመው ዱቄቱ ስለሸፈነው ነው፣ ያ ዱቄት ንጹህ አይደለም፣ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ሲደርቅ ደሞ ከስሩ መግል ይዞ አይዞ እንኳን አይታይም። አሁን ቡናውን በጥፍርሽ አትፋቂው። የቧንቧ ውሃ ለቀቅ አድርጊና ለብዙ ደቂቃ ከስሩ ያዢው፣ ዙሪያውን በሳሙና እጠቢው፣ ራሱ እየለሰለሰ ይወጣል። የቀረ ካለና ካልወጣ ሐኪም ያውጣው።

ለሌላ ጊዜ እንደዚ ነው ሚደረገው፣ ሁላችሁም ያዙት፦ ጣቱን በቧንቧ ውሃ ማጠብ፣ ንጹህ ጨርቅ ወይ ጎዝ አድርጎ አጥብቆ መጫን፣ እጅን ከልብ ከፍ ማድረግ፣ ከዛ አስር ደቂቃ ሙሉ ጨርቁን ሳያነሱ መያዝ። ሁሉም ሰው እዚ ጋር ነው ሚያበላሸው፣ በየደቂቃው ቆመ ወይ ብሎ ገልጦ ያየዋል፣ በገለጠው ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም ተላቆ እንደገና ይጀምራል። ቆዳው ተንጠልጥሎ ከሆነ አትቅደዱት፣ ንጹህ ከሆነ ወደ ቦታው መልሱትና ሸፍኑት። አልኮል ቁስሉ ውስጥ አታፍስሱ፣ ያቃጥላል፣ ስጋውንም ይጎዳል። ቅቤም፣ ጨውም፣ የጥርስ ሳሙናም አይሆንም። ደርቆ ሲቆም ቫዝሊን ቀባ አድርጎ በፕላስተር መሸፈን፣ በየቀኑ መቀየር፣ ይበቃል።

ወደ ሐኪም ሚያስኬደው ደሙ ተጭነሽው ካልቆመ፣ ቁስሉ ጠልቆ ከስር ነጭ ነገር ከታየ፣ ጣትሽን ማጠፍ ካቃተሽ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ ነው። ከቀን በኋላ ደሞ ካበጠ፣ ቀይነቱ ወደ እጅሽ ከወጣ፣ መግል ካመጣ፣ ካተኮሰሽ። አንቺ ያመኛል ስላልሽ ዛሬውኑ ይታይልሽ። የቴታነስ፣ የመንጋጋ ቆልፉ ክትባት፣ መቼ እንደተከተብሽ አስቢ፣ ከአስር ዓመት ካለፈ ንገሪያቸው፣ ቆሻሻ የገባበት ቁስል ከሆነ ከአምስት ዓመት በላይም ቢሆን ሊደግሙሽ ይችላሉ፣ ያንቺ ደሞ ቡና ገብቶበታል።

ለማዳም ንገሪያት። ከደበቅሽው ነገ እቃ ሳሙና ውስጥ ትነክሪዋለሽ፣ ይብስብሻል። በስራ ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ጥፋት አይደለም፣ ሕክምናውን መጠየቅ መብትሽ ነው። ምናልባት ደም አልቆም ብሎ ማንም ሚወስድሽ ካጣሽ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ይደወልለታል፣ ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ያዢው። ፎርማጆው ደም ከነካው ይጣላል፣ አያሳዝንሽ፣ መፈቅፈቂያውም በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እዚ ተፈቅፍቆ በላስቲክ የታሸገ ይሸጣል፣ እኔ እሱን ነው ምገዛው፣ እህቴ ደሞ ሰነፍ ትለኛለች። ልዩነት አለው? ደሞ የስምንት ዓመት ልጄ እኔ ልፈቅፍቅ ይለኛል።

መልስ፦ ስንፍና አይደለም፣ ግን ልዩነት አለው። የታሸገው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የድንች ስታርች ወይም ሴሉሎስ ሚባል የተክል ዱቄት ይነሰነስበታል። ፒዛ ላይ ብዙም አይታወቅሽም፣ ማካሮኒ በፎርማጆ ስትሰሪ ግን ሶሱ ወፈር፣ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ እህትሽ ያላት ምናልባት እሱን ቀምሳ ነው። መሃሉን ያዢ፣ ሰፋ ያለ ጊዜ ሲኖርሽ አንዱን ጡብ ሙሉ ፈቅፍቂና በትናንሽ ላስቲክ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ፣ ሁለት ሦስት ወር ይቆይሻል፣ ለማብሰያ ከሆነ በረዶው ሳይለቅ መጠቀም ይቻላል። ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይብላ፣ የተፈቀፈቀ ከጡቡ ቀድሞ ይሻግታል።

ልጁን አትከልክዪው፣ ባለ አራት ጎኑን ግን አትስጪው። ባለ መዘውሩን ገዝተሽ እሱ ያዙር፣ ፎርማጆውን ከትተሽ ምትዘጊው አንቺ ሁኚ። ከበሮው ሲወጣ ስለት ነው፣ ማጠቡም ያንቺ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ልጆቼ አንዱን መፈቅፈቂያ ለካሮትም ለፎርማጆም ያውሉታል። በጾም እንዴት አድርጌ ላጽዳው? ቀዳዳው ውስጥ ሁሌ የቀረ አለ፣ በጨርቅ ስጠርገው ደሞ እጄን ይቧጥጠኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ቢቻልዎት ሁለት ያድርጉት፣ የጾምና የፍስክ ድስት እንደሚለየው ማለት ነው፣ ዋጋው ያን ያህል አይደለም፣ ልብዎም ያርፋል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ማጽጃው ጨርቅ አይደለም። ጨርቅም ስፖንጅም ጥርሱ ይቀዳቸዋል፣ ክሩ ውስጡ ይቀራል፣ የእጅዎ መቧጠጥም ከዛ ነው ሚመጣው። እጀታ ያለው ብሩሽ ይግዙ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽም ይሆናል።

አንድ ሚገርም ነገር፣ በሙቅ ውሃ አይጀምሩ። ሙቅ ውሃ ፎርማጆውን አቅልጦ ብረቱ ላይ ይለብጠዋል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅ አድርገው ከውስጥ ወደ ውጪ በብሩሽ ይግፉት፣ ጥርሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ እንጂ በተቃራኒው አይሂዱ፣ የቀረው ሲለቅ ከዛ በኋላ ነው ሙቅ ውሃና ሳሙና። በጣም ከደረቀ ግማሽ ጥሬ ድንች ይፈቅፍቁበትና ያጥቡት፣ ይዞ ይወጣል። አረፋ በሞላው ሲንክ ውስጥ ከሌላ እቃ ጋር ዘፍዝፈው ግን አይተዉት፣ ልጆቹ ማንኪያ ፍለጋ እጃቸውን ሲከቱ ያገኛቸዋል። ከታጠበ በኋላ እንዲደርቅ ይቁም፣ ገበያ ላይ ያለው ስስ ቆርቆሮ ቶሎ ይዝጋል። የዛገና ጥርሱ የተጣመመ ካለዎት አይጠግኑት።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ረጅም ቀጭን እንደ ሞረድ ያለ መፈቅፈቂያ ገዛሁ፣ ሲነካ ይቆርጣል። ለጣት አያስፈራም?

መልስ፦ ማይክሮፕሌን የሚሉት ነው። መጀመሪያ የአናጺ ሞረድ ነበር እኮ፣ እንጨት ለመፋቅ የተሰራ፣ በ1994 ካናዳ ኦታዋ ውስጥ አንዲት ሴት የብርቱካን ልጣጭ ስትፈቀፍቅ አሮጌው መፈቅፈቂያዋ አልሰራ ብሏት የባሏን ሞረድ አንስታ ሞከረችው፣ ከዛ ወዲህ ነው ወደ ኪችን የገባው። የሌላው መፈቅፈቂያ ቀዳዳ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ተጭኖ ነው ሚወጣው፣ የዚ ጥርስ ግን በኬሚካል ተበልቶ ስለሚሰራ ምላጭ ነው።

እንደውም በትክክል ከያዝከው ከባለ አራት ጎኑ ይሻላል፣ ምክንያቱም አይጫኑትም፣ ገርገር ሲደረግ ይበቃዋል። ጫፉን መክተፊያ ላይ አስደግፈህ ፎርማጆውን አንሸራት፣ ወይም ገልብጠው፣ ቁራሹን መክተፊያው ላይ ቁጭ አድርገህ ብረቱን ከላዩ አመላልሰው፣ እንደዛ ሲሆን ቁራሹን የያዘው እጅ ስለማይንቀሳቀስ ያለበትን ታውቀዋለህ። ለፓርሜዛንና ለዝንጅብል ይሁን፣ ሞዛሬላ አትሞክርበት፣ ይጨቀይብሃል።

አብሮት የመጣውን የፕላስቲክ ሽፋን አትጣለው፣ ያለ ሽፋን መሳቢያ ውስጥ አይገባም። ከጠፋብህ ካርቶን አጥፈህ በላስቲክ አስረህ ልትሸፍነው ትችላለህ፣ ይሰራል።